ቁጥሩ ከየት መጣ? የሙቀት ሴንሰርን ከራስቤሪ ፓይ ጋር ስለማገናኘት የተደረገ ዳሰሳ

ራስቤሪ ፓይ ገዝተው የሙቀት መከታተያ ለመሥራት የተነሡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "የትኛውን ሴንሰር ልግዛ?" ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዓይነቱ ብዙ፣ የዋጋው ልዩነትም ሰፊ ነው። እኔ ግን ሁለተኛ ሊሆን የሚገባው ጥያቄ ነው እላለሁ። ጫጩት ለማስፈልፈል፣ የመድኃኒት ፍሪጅ ለመጠበቅ ወይም የግሪንሃውስ አየር ለመከታተል በሚሠሩ ሥራዎች ላይ የተሳሳተ ንባብ ሲመጣ ጥፋቱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ ውስጥ አይደለም። ሽቦው ላይ፣ ሴንሰሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ የኃይል አቅርቦቱ ላይ፣ ወይም የመጣለትን ቁጥር ሁሉ ሳይመረምር የሚመዘግበው ፕሮግራም ላይ ነው። ከዚህ በታች ዋና ዋናዎቹን የሴንሰር ቤተሰቦች እቃኛለሁ፤ በእያንዳንዳቸው የምፈልገው ግን ስህተቱ የሚገባበትን በር ነው።

መነሻው ቦርዱ ነው። ራስቤሪ ፓይ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ሲሆን የተወለደው በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ነው። ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹን ያሳሰባቸው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ወጣቶች ቁጥርም፣ ይዘውት የሚመጡት የፕሮግራም ችሎታም እየቀነሰ መሄዱ ነበር። ስለዚህ በ35 ዶላር የሚሸጥ፣ ሊኑክስ የሚያስኬድ፣ ልጅ እየነካካ ሊማርበት የሚችል ኮምፒውተር ሠሩ። ከጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚለየው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ የተደረደሩ ፒኖች አሉት። መጀመሪያ 26 የነበሩት፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ 40 የሆኑት እነዚህ ፒኖች ፕሮግራሙን ከውጭው ዓለም ጋር በቀጥታ ያገናኙታል።

ስለ ፒኖቹ ሁለት ነገር ሳያውቁ ሴንሰር መግዛት አይገባም። አንደኛው፣ የሚሠሩት በ3.3 ቮልት መሆኑ ነው። አርዱኢኖ የተባለውን ሌላ ቦርድ የለመደ ሰው 5 ቮልት ወደ ዳታ ፒን ቢያስገባ ፒኑን፣ አንዳንዴም ቦርዱን በሙሉ ያቃጥላል። 5 ቮልት የሚሰጡት ፒን 2 እና ፒን 4 ደግሞ 3.3 ቮልት ከሚሰጠው ፒን 1 ጎን ስለሆኑ መሳሳት ቀላል ነው፤ ሽቦ የሚገናኘው ቦርዱ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ ነው። ሁለተኛው፣ ፒኖቹ የሚያውቁት "ኃይል አለ" እና "ኃይል የለም" የሚለውን ብቻ ነው። ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ የሚለካ አናሎግ መግቢያ ቦርዱ ላይ የለም። ስለዚህ ሴንሰሩ ራሱ ቁጥሩን አዘጋጅቶ የሚልክ ዲጂታል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚቀይር ሌላ ቺፕ መሃል ይገባል። የሴንሰሮቹ ዓለም ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው።

ከዲጂታሎቹ መካከል በጣም የተለመደው፣ በእኔ ግምት ደግሞ ለጀማሪ በጣም የሚበጀው፣ ዲኤስ18ቢ20 ነው። የሠራው የቴክሳሱ ዳላስ ሴሚኮንዳክተር ሲሆን ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2001 ማክሲም ገዛው፤ ማክሲምን ደግሞ በ2021 አናሎግ ዲቫይስስ ጠቀለለው። ከ55 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይለካል፤ ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 85 ባለው ክልል ውስጥ ስህተቱ ከግማሽ ዲግሪ እንደማይበልጥ አምራቹ ዋስትና ይሰጣል። የሚነጋገረው ዋን ዋየር በሚባለው ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ብቻ የሆነ ባለ 64 ቢት መለያ ቁጥር ይዞ ስለሚወጣ ብዙ ሴንሰሮች በአንድ የዳታ ሽቦ ላይ ሊቀጠሉ ይችላሉ። ቦርዱ እንደ መምህር ስም እየጠራ ይጠይቃል፤ የተጠራው ብቻ ይመልሳል።

አገናኙ ሦስት ሽቦ ነው፦ ኃይል ከፒን 1፣ ግራውንድ ከፒን 6፣ ዳታ ደግሞ ከፒን 7። ፒን 7 በሶፍትዌሩ ውስጥ ጂፒአይኦ 4 ተብሎ የሚጠራው ነው። በኃይሉና በዳታው መካከል ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይገባል። ይህች ሬዚስተር የምትረሳ ትንሽ ነገር ትመስላለች እንጂ መስመሩን ወደ 3.3 ቮልት ከፍ አድርጋ የምትይዘው እሷ ናት፤ ሴንሰሩም ሆነ ቦርዱ የሚናገሩት መስመሩን ወደ ታች በመጎተት ብቻ ነው። ሬዚስተሯ ከሌለች ሊኑክስ ትክክለኛውን ሴንሰር ያጣና በ00 የሚጀምሩ፣ በእውን የሌሉ ሴንሰሮችን ይዘረዝራል። የእነዚህ ዝርዝር ከመጣ ሌላ ነገር ከመፈለግ በፊት ሬዚስተሯን መፈተሽ ነው።

ሴንሰሩ ውኃ በማያስገባ የብረት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ሲመጣ ቀይ ኃይል፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ቢጫ ዳታ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሁሉም አምራች ግን ይህን ቀለም አይከተልም። ትራንዚስተር የሚመስለው ሦስት እግር ያለው ጥቁሩ ቺፕ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋ ፊቱን ወደራስ፣ እግሮቹን ወደታች አድርጎ ሲይዙት የግራው ግራውንድ፣ የመካከሉ ዳታ፣ የቀኙ ኃይል ነው። ተገላቢጦሽ የገባ ቺፕ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጣት እስኪያቃጥል ይግላል። ወዲያው ከተነቀለ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ እኔ ግን እንዲህ የጋለ ቺፕ ሰው የሚተማመንበት ሥራ ላይ ባይውል እመርጣለሁ።

በሶፍትዌር በኩል ሥራው አጭር ነው። በቦርዱ የማስነሻ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ዋን ዋየርን የሚያበራ አንድ መስመር ይጨመርና ቦርዱ እንደገና ይነሣል። ከዚያ ሊኑክስ እያንዳንዱን ሴንሰር በ28 የሚጀምር ስም ያለው ማኅደር አድርጎ ያሳያል። በውስጡ ያለው ፋይል ሲነበብ ሁለት መስመር ይወጣል። የመጀመሪያው መስመር መጨረሻ፣ የመጣው መረጃ በመንገድ አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ "አዎ" ወይም "አይ" ይላል። በሁለተኛው መስመር መጨረሻ ቁጥሩ አለ፤ ለምሳሌ 23125። ለ1000 ሲካፈል 23.125 ዲግሪ ይሆናል። የፓይተን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል፤ ይህ ሴንሰር የተወደደበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። ያ "አዎ" የሚያረጋግጠው መልእክቱ በመንገድ አለመበላሸቱን ብቻ ነው እንጂ ሙቀቱ እውነት መሆኑን አይደለም። ዲኤስ18ቢ20 ኃይል ባገኘ ቅጽበት፣ ገና ምንም ሳይለካ፣ በማስታወሻው ውስጥ የሚይዘው ቁጥር 85 ነው። ሙሉ ልኬት ለመጨረስ 750 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልገዋል፤ በዚህ መሃል በላላ ሽቦ ምክንያት ኃይሉ ለአፍታ ቢቋረጥ ቦርዱ የሚያነበው 85 ይሆናል፣ ማረጋገጫውም "አዎ" ይላል። 4 ዲግሪ የነበረ ፍሪጅ ለአንድ ንባብ 85 ደርሶ ሲመለስ ሰው ሊያስተውለው ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ዜሮ ነው። የዳታው ሽቦ ከግራውንድ ጋር ከተነካካ የሚመጣው ሁሉ ዜሮ ነው፤ የዜሮዎች ማረጋገጫ ቁጥርም ራሱ ዜሮ ስለሆነ ስሌቱ የተስማማ ይመስላል። የ0 ዲግሪ ንባብ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ እንግዳ ቁጥር አይደለም። ክትባት የያዘ ፍሪጅ እየበረደ ነው ብሎ ሰው ሊደናገጥ፣ ወይም ይባስ ብሎ ቴርሞስታቱን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ድፍን 85ን እና ድፍን 0ን ሲያገኝ ደግሞ መጠየቅ፣ ከቀደመው ንባብ ጋር ማነጻጸር፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊሆን የማይችል ዝላይን አለመቀበል አለበት። ይህ የአምስትና የስድስት መስመር ኮድ ነው፤ በየቦታው በሚገለበጡ ምሳሌዎች ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ሌላው ችግር አስመስለው የተሠሩ ቺፖች ናቸው። በርካሽ የሚሸጡት ባለ ቱቦ ሴንሰሮች ውስጥ ኦሪጅናል ያልሆነ ቺፕ በብዛት ይገኛል። አንዳንዶቹ ደህና ይለካሉ፤ አንዳንዶቹ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይስታሉ፤ አንዳንዶቹ ያለ ኃይል ሽቦ፣ በዳታው ሽቦ ብቻ ኃይል እየሳቡ መሥራት አይችሉም፤ ኦሪጅናሉ ግን ይችላል። አንድ ጥሩ ፍንጭ አለ፦ በሊኑክስ ላይ የኦሪጅናሉ ስም 28 ከሚለውና ከሰረዙ ቀጥሎ በአራት ዜሮ ይጀምራል። ከዚህ የተለየ ቁጥር ያለው ቺፕ በጥርጣሬ መታየት አለበት። ፍንጩ ግን የቺፑን ማንነት እንጂ የልኬቱን ትክክለኛነት አይናገርም፤ ለዚያ መፈተኛው ሌላ ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሽቦ ሲረዝም ነገር ይለወጣል። ዋን ዋየር በጥንቃቄ ከተዘረጋ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሜትሮችን መሻገር ይችላል፤ ይህም ለግሪንሃውስና ለትልቅ የዶሮ ቤት ተመራጭ ያደርገዋል። ጥንቃቄው መስመሩን በአንድ አቅጣጫ መዘርጋትና ሴንሰሮቹን በመንገዱ ላይ በአጭር ቅርንጫፍ ማስገባት ነው። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በየአቅጣጫው የሚበተን አዘረጋግ ምልክቱ ከየጫፉ እየተመለሰ እንዲረባበሽ ያደርጋል። ለኔትወርክ የሚያገለግለው ጥንድ ጥንድ እየሆነ የተጠማዘዘ ኬብል እዚህ ላይ በጣም ይረዳል፤ ዳታውና ግራውንዱ በአንድ ጥንድ ላይ ይሁኑ። ሬዚስተሯንም ወደ 2.2 ኪሎ ኦም ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ መስመሩን ያረጋጋል።

ስለ ዲኤችቲ11 እና ዲኤችቲ22 ብዙ አልልም። ሙቀትንም የአየር እርጥበትንም በአንድ ላይ ስለሚለኩና ርካሽ ስለሆኑ ለጀማሪ በሚሸጡ ኪቶች ውስጥ አይጠፉም። ሰማያዊው ዲኤችቲ11 እስከ 2 ዲግሪ ሊስት ይችላል። የዶሮ እንቁላል ማራገቢያ ባለው ማስፈልፈያ ውስጥ በ37.5 ዲግሪ አካባቢ ለ21 ቀን መቆየት አለበት፤ በዚያ ክልል ውስጥ የ2 ዲግሪ ስህተት ሙሉውን እንቁላል ሊያበላሽ የሚችል ስህተት ነው። ነጩ ዲኤችቲ22 ስህተቱ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የተሻለ ነው። የሁለቱም የጋራ ችግር ግን አነጋገራቸው ነው። 0ን ከ1 የሚለዩት ምልክቱ ከፍ ብሎ በሚቆይበት ጊዜ ሲሆን አንደኛው 26 እስከ 28፣ ሌላው 70 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ሊኑክስ ብዙ ሥራ በየተራ የሚያስኬድ ሥርዓት ስለሆነ በዚያ ቅጽበት ወደ ሌላ ሥራ ዞር ሊል ይችላል፤ ንባቡም ይበላሻል። ለዚህ ነው እነዚህን ሴንሰሮች ከራስቤሪ ፓይ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች ደጋግመው ባዶ ውጤት የሚያጋጥማቸው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ሴንሰሩና ቦርዱ አልተጣጣሙም። እርጥበት መለካት የግድ ከሆነ ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ማለፍ ይሻላል።

የሚቀጥለው ቤተሰብ አይቱሲ በሚባለው መስመር የሚነጋገረው ነው። ዘዴውን ፊሊፕስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ሁለት ሽቦ ይበቃዋል፤ አንዱ ዳታ፣ ሌላው የጊዜ ምልክት። ጊዜውን የሚመታው ቦርዱ ስለሆነ ሊኑክስ ለአፍታ ቢዘገይ ሴንሰሩ ይጠብቃል፤ የዲኤችቲው ችግር እዚህ የለም። በራስቤሪ ፓይ ላይ ፒን 3 እና ፒን 5 ለዚሁ የተሰጡ ናቸው፣ ሬዚስተሮቹም ቦርዱ ላይ ተበይደው ይመጣሉ። ጉድለቱ ርቀት ነው፤ የተሠራው በአንድ መሣሪያ ውስጥ ላሉ ቺፖች እንጂ ለረጅም ገመድ አይደለም። እስከ አንድ ሜትር ድረስ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል።

ከዚህ ቤተሰብ በብዛት የሚገዛው የቦሽ ቢኤምኢ280 ነው፤ ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት በአንድ ቺፕ ይዟል። ለአየር ሁኔታ ጣቢያ መልካም ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው የሙቀት መለኪያ በዋናነት የተቀመጠው የግፊቱንና የእርጥበቱን ንባብ ለማረም ነው። ቺፑ ራሱ ሲሠራ ስለሚሞቅም ከአካባቢው አየር ትንሽ ከፍ ብሎ ያነባል። ከተማችን ውስጥ የሚያገናኙት ሰዎች ደግሞ በግፊቱ ይደነግጣሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የሚመጣው ቁጥር 770 ሄክቶ ፓስካል አካባቢ ነው፣ የስልካቸው የአየር ትንበያ ግን ከ1000 በላይ ይላል። ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ የስልኩ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ነው፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ግን ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ያለውን እውነተኛ ግፊት ነው። ሙቀትና እርጥበት ብቻ ለሚፈልግ ሰው የስዊዘርላንዱ ሴንሲሪየን የሚሠራው ኤስኤችቲ31 የተሻለ ምርጫ ነው፤ የሙቀት ስህተቱ በተለመደው 0.2 ዲግሪ ነው። ሙቀት ብቻ፣ ያውም በጣም በትክክል ከተፈለገ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤምፒ117 ከ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 50 ባለው ክልል ውስጥ ከ0.1 ዲግሪ በማይበልጥ ስህተት ይለካል።

አናሎጎቹን ቶሎ ልለፍ። ኤልኤም35 ለአንድ ዲግሪ 10 ሚሊ ቮልት ይሰጣል፤ አስተማሪዎች የሚወዱት ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ነው። ቢያንስ 4 ቮልት ስለሚፈልግ ግን በ3.3 ቮልት በትክክል አይሠራም፤ ከ5 ቮልቱ ፒን ማብላት ያስፈልጋል። መሃል የሚገባው መቀየሪያ ኤምሲፒ3008 ቢሆን በ3.3 ቮልት ላይ የሚለየው ትንሹ ደረጃ 3.2 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፤ ይህ ማለት ከሩብ ዲግሪ በላይ በሆነ እርምጃ ብቻ መንቀሳቀስ ማለት ነው። ባለ 16 ቢቱ ኤዲኤስ1115 ይህን ይፈታል። ቴርሚስተር ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል፣ ቶሎም ምላሽ ይሰጣል፤ ከሙቀት ጋር ያለው ግንኙነት ቀጥተኛ ስላልሆነ ግን የሎጋሪዝም ስሌት ይጠይቃል። አስቀድሞ መቀየሪያ ቺፕ በእጁ ላለው ሰው ካልሆነ በቀር በዲጂታሎቹ ዘመን ወደዚህ የሚያስኬድ ምክንያት አይታየኝም።

ከ125 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ምርጫው ይጠባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የቡና መቁያ፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ከላይ ያነሣናቸው ቺፖች አይኖሩም። እዚያ የሚገባው ቴርሞካፕል ነው፦ ጫፋቸው ላይ የተበየዱ ሁለት የተለያዩ ብረቶች። ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 እንዳሳየው፣ ጫፉ ሲሞቅና ሌላኛው ወገን ሲቀዘቅዝ በመካከላቸው ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ኬ በሚባለው ዓይነት ለአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮ ቮልት ገደማ ነው። ይህን ጥቃቅን ቮልቴጅ ማክስ31855 አንብቦ፣ የቀዝቃዛውን ወገን ሙቀት ራሱ ለክቶ ደምሮ፣ ለቦርዱ ቁጥር ይልካል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ገመዱን ሲያስረዝም ነው። ተራ የመዳብ ሽቦ ከተቀጠለ ቺፑ የሚያውቀው የራሱን አጠገብ ሙቀት እንጂ መቀጠያው ያለበትን ስላልሆነ፣ መቀጠያው ምድጃው አጠገብ ከሆነ ንባቡ በአሥሮች ዲግሪ ሊስት ይችላል። ማስረዘሚያው ከዚያው ዓይነት ብረት የተሠራ መሆን አለበት። በመካከለኛ ሙቀት ትክክለኛነት ከተፈለገ ፒቲ100 አለ፤ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም የሚሆን ፕላቲነም። በሁለት ሽቦ ብቻ ከተገናኘ የሽቦው አንድ ኦም 2.6 ዲግሪ ይጨምርበታል፤ በሦስት ወይም በአራት ሽቦ የሚገናኘውም ለዚሁ ነው።

እስካሁን ያለው ስለ ቺፕና ስለ ሽቦ ነው። ቦታን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የተገኘው ከጠፈር ነው። እንግሊዛዊው ጠፈርተኛ ቲም ፒክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ ለአስትሮ ፓይ ፕሮግራም የተዘጋጁ ሁለት ራስቤሪ ፓይ ተልከው ነበር፤ የትምህርት ቤት ልጆች የጻፉት ፕሮግራም እዚያ እንዲሠራባቸው። በላያቸው የተጫነው ሴንስ ሃት የሚባለው ሰሌዳ የሙቀት ሴንሰሮች አሉት። ሰሌዳው ግን የሚቀመጠው ከፕሮሰሰሩ በላይ፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሴንሰሩም የክፍሉን ሳይሆን የቦርዱን ሙቀት ቀላቅሎ በብዙ ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያነባል። ብዙዎች የፕሮሰሰሩን ሙቀት እያነበቡ ከንባቡ ላይ የሚቀንስ ቀመር ጽፈዋል። ቀመሩ ግን የሚሠራው የቦርዱ ሥራና የአየሩ እንቅስቃሴ እስካልተለወጠ ድረስ ነው። ሴንሰሩን በሃያ ሴንቲ ሜትር ሽቦ ከቦርዱ ማራቅ ከማንኛውም ቀመር ይበልጣል፤ ካልተቻለም ከቦርዱ በታች ወይም በጎን እንጂ በላይ አለማድረግ።

በፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በሩ ሲከፈት አየሩ በሰከንዶች ውስጥ ይሞቃል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ግን ገና አልተነካም። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሴንሰር ለእያንዳንዱ የበር መከፈት ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ጠባቂውም ከጥቂት ቀን በኋላ ማስጠንቀቂያውን መስማት ያቆማል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለክትባት ፍሪጆች የሚመክረው የሴንሰሩ ጫፍ እንደ ግላይኮል ባለ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ፣ ቢያንስ በየ30 ደቂቃው እንዲመዘግብ ነው። ፈሳሹ የመድኃኒቱን ዝግታ ይጋራል። ፈሳሹን የያዘው የሴንሰሩ ጠርሙስም በሩ ላይ ወይም ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ተጣብቆ ሳይሆን በመካከለኛው መደርደሪያ፣ በመድኃኒቶቹ መካከል ይቀመጥ።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ በግልጽ መቀመጥ አለበት። የክትባት ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ ክትባቶችን ደግሞ ከሙቀት ይልቅ ብርድ በቶሎ ያበላሻቸዋል። በጤና ተቋማት የሚገኘው ፍሪጅ ታግ የተባለው የ30 ቀን መዝጋቢ ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት ወይም ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ከቆየ ያስጠነቅቃል፤ የተመረመረና በዓለም ጤና ድርጅት የጸደቀ ነው። በቤት የተሠራ የራስቤሪ ፓይ መዝጋቢ ከእሱ ጎን ሊቆም፣ ለምሳሌ ሌሊት በስልክ መልእክት ሊልክ ይችላል፤ ሊተካው ግን አይገባም። የልጆች ክትባት የሚመካበት መሣሪያ በሥርዓት የተፈተሸ መሆን አለበት።

የፍተሻው ነገር ከተነሣ፣ ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችል አንድ እጅግ ጥሩ ፈተና አለ። በረዶ በደንብ ይደቅና አንድ ትልቅ ብርጭቆ ይሞላል፤ በበረዶው መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ የሚሞላ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይጨመራል፤ እየተማሰለ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። የሴንሰሩ ጫፍ ግድግዳውንም ታቹንም ሳይነካ መሃል ላይ ይገባል። ንባቡ ሲረጋ 0 መሆን አለበት፤ 0.4 ካለ ስህተቱ 0.4 ነው፣ ይመዝገብና ከየንባቡ ይቀነስ። በረዶው ከውኃው በላይ ብቻ ተንሳፍፎ ታቹ ውኃ ብቻ ከሆነ ግን ታች ያለው ውኃ እስከ 4 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ፈተናው ይበላሻል።

ሁለተኛው የተለመደ ፈተና የፈላ ውኃ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የውጭ መመሪያዎች ያስቱናል። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 ገደማ ነው። "100 ማለት ሲገባው 92 አለ" ብሎ 8 ዲግሪ የሚጨምር ሰው ትክክለኛ የነበረውን ሴንሰር በገዛ እጁ አሳሳተ ማለት ነው። ለእንቁላል ማስፈልፈያ ከሆነ ከፈላ ውኃ የሚሻለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሴንሰሩን ከጥሩ የሕክምና ቴርሞሜትር ጋር አብሮ መንከር ነው፤ ትክክለኛነቱ የሚፈለገው 37 አካባቢ ስለሆነ መፈተሽም ያለበት እዚያው ነው። ይህ ደግሞ ከነጥብ በኋላ ስለሚመጡት አሃዞች ያስተምራል። ዲኤስ18ቢ20 በ0.0625 ዲግሪ እርምጃ ይቆጥራል፤ ስክሪን ላይ 23.125 ማየት ትክክለኛነት ይመስላል። ያልተፈተሸ ከሆነ ግን እውነተኛው ሙቀት ከ22.6 እስከ 23.6 የትም ሊሆን ይችላል።

የቀረው ጊዜና መብራት ነው፤ እኛ አገር ላይ ይህ ከሴንሰሩ ምርጫ ያልተናነሰ ጉዳይ ነው። እስከ ራስቤሪ ፓይ 4 ድረስ ያሉት ዋና ቦርዶች በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የላቸውም፤ ሰዓት የሚያውቁት ከኢንተርኔት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ ከዘገየ ቦርዱ ካቆመበት አካባቢ ያለውን ሰዓት ይዞ ይቀጥላል፣ ሌሊት ፍሪጁ ለስንት ሰዓት እንደሞቀ የሚናገረው መዝገብም ይሳሳታል። በ2023 የወጣው ራስቤሪ ፓይ 5 ሰዓት አለው፣ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። ለቀደሙት ዲኤስ3231 የተባለችው ትንሽ የሰዓት ቺፕ በአይቱሲ ትገናኛለች፤ በውስጧ የሙቀት ሴንሰርም አለ፣ ስህተቱ እስከ 3 ዲግሪ ስለሚሄድ ግን ለመለኪያ አይሆንም። መዝገቡ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይያዝ፤ በሚነበብበት ጊዜ ብቻ ወደ እኛ ይቀየር። መዝገቡ ላይ 23 ሰዓት ያለው ክስተት ለጥበቃው ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተቀላቅለው ከተጻፉ የተፈጠረውን ማንም መልሶ አያገኘውም።

ድንገት የሚቋረጥ መብራት ሚሞሪ ካርዱንም ያበላሻል፤ በየሰከንዱ የሚጽፍ ፕሮግራም ከሆነ ይበልጥ። ንባቦቹን በማስታወሻ አከማችቶ በየጥቂት ደቂቃው በአንድ ጊዜ መጻፍ፣ የሥርዓቱን ክፍል ለንባብ ብቻ ማድረግ፣ ከተቻለ በባትሪ ማስደገፍ ያስፈልጋል። አንድ ሴንሰር ብቻ ለማንበብ ሙሉ ሊኑክስ መሸከም ይገባል ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ኢኤስፒ32 የተባለው ትንሽ ቦርድ ወይም በ2021 በ4 ዶላር የወጣው ራስቤሪ ፓይ ፒኮ ሚሞሪ ካርድ የላቸውም፣ መብራት ሲመጣ በቅጽበት ይነሣሉ፣ የዲኤችቲውን ማይክሮ ሰከንድም በትክክል ይቆጥራሉ። እኔ ለብዙ ቦታ የምመርጠው አዘጋጃጀት ትናንሾቹ እንዲለኩ፣ ራስቤሪ ፓይው ደግሞ መሃል ተቀምጦ እንዲሰበስብ፣ ግራፍ እንዲያሳይና መልእክት እንዲልክ ነው።

መልእክቱን በሚመለከት፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚጻፉት ሙቀቱ ከገደብ ሲያልፍ እንዲጮኹ ነው። መብራት የሄደበት፣ ሽቦው የተበጠሰበት፣ ካርዱ የሞተበት ቦርድ ግን አይጮኽም፤ ዝም ይላል፣ ዝምታውም ከደህንነት አይለይም። ስለዚህ ፍተሻው ከሌላ ወገን መሆን አለበት። ቦርዱ በየ15 ደቂቃው "አለሁ፣ ንባቤ ይህ ነው" የሚል መልእክት ይልካል፤ ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ደግሞ ሁለት መልእክት በተከታታይ ከቀረበት ለኃላፊው ይደውልለታል። ያ ሁለተኛው መሣሪያ ፍሪጁ ካለበት የመብራት መስመር ውጭ መቀመጥ አለበት።